መሰላሉን ከመግዛታችሁ በፊት ፍርግርጉን ክፈቱ

ዛሬ ስለ ሸቀጥ ዋጋም ሆነ ስለ ሞያሌ መንገድ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ መስኮት ነው።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ሌሊት፣ 8 ሰዓት አካባቢ፣ ኢስሊ ውስጥ በምንኖርበት ሕንፃ ደረጃው ሥር ያለው የመብራት ቆጣሪዎች ሳጥን ተቀጣጠለ። እሳቱ ትልቅ አልነበረም። ዘበኛውና የታችኛው ሱቅ ልጆች ለግንባታ የተከመረ አሸዋ በባልዲ እያመላለሱ አጠፉት። ደረጃው ግን ጭሱን ሁሉ ስቦ ወደ ላይ ላከው። እኛ ሁለተኛ ፎቅ ነን። በሩን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ጥቁር ጭስ ፊቴ ላይ መጣ፤ እጄን ዘርግቼ የእጄን ጣቶች ማየት አልቻልኩም። በሩን መልሼ ዘጋሁና ልጆቹን ይዤ ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ሮጥኩ።

መስኮቱን ከፈትኩ። ከመስኮቱ ውጭ ፍርግርጉ አለ። ፍርግርጉ ላይ ትንሽ የብረት በር አለችው፤ በሩ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ቁልፉ ባለቤቴ የቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሞያሌ ነው።

ሃያ ደቂቃ ያህል እዚያ ቆምን። ትንሹን ልጄን ከፍ አድርጌ አፍንጫውን ወደ ብረቱ ክፍተት አስጠግቼ ያዝኩት። የ12 ዓመቷ ልጄ «እማዬ፣ ቁልፉ የት ነው?» አለችኝ አንዴ፤ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ፊቴን አይታ መልሱን አወቀችው መሰለኝ። ከታች ሰዎች ቆመው ያዩናል፣ እኛም እናያቸዋለን። አንድ የማላውቀው ሰው መሰላል ፈልጎ ያመጣ ዘንድ እየጮኸ ሮጠ። ቢያመጣስ ምን ያደርግልናል? ከብረት ኋላ ነን።

ማንም አልሞተም፤ ጠዋት ቡና አፍልተን ተሳቀ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የማየው ቤት ሁሉ መስኮቱ ነው የሚታየኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ። ባለቤቴ ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ ደነገጠና ከዱባይ ዕቃ ለሚያመጣ ጓደኛው ነግሮ የእሳት ማምለጫ መሰላል አስመጣ። በካርቶን የታሸገ፣ ሲዘረጋ በሰንሰለት የሚወርድ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ትልልቅ መንጠቆ ያለው የብረት መሰላል ነው። ሁላችንም ደስ አለን። አልጋ ሥር ከተትነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዕቃ ገባ፤ የታች ሱቃችን ስለሞላ ዘጠኝ ቦንዳ ልብስ ወደ መኝታ ቤት ወጣ። አራቱ አልጋው ሥርና አጠገቡ፣ አምስቱ ተደራርበው መስኮቱ ላይ። አንድ እሑድ ልጄ እንደ ቀልድ «መሰላሉን እንዘርጋውና እንየው» አለች። መሰላሉን ለማግኘት ሁለት ቦንዳ ማንሳት ነበረብን፤ መስኮቱ ዘንድ ለመድረስ ሌላ አምስት። ጓጉንቸሩም እንደ ድሮው ተቆልፎ፣ ቁልፉም እንደ ድሮው ባለቤቴ ኪስ ውስጥ ነበር። በአጭሩ ገንዘብ አውጥተን ሕሊናችንን ነው የገዛነው፤ መውጫ አልገዛንም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ መሰላል የመጨረሻው ዕቃ ነው። መጀመሪያ መስኮቱ መከፈት አለበት። ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው የሚጀምረው፣ እኛም እንደዚያው ጀመርን።

ስለ መስኮት ብረት አጋንና የምታወራ የሚመስለው ካለ የዚህን አገር ታሪክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2001 ማቻኮስ አካባቢ በኪያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማደሪያው ሌሊት ተቃጥሎ 67 ወንዶች ልጆች ሞቱ። ከማደሪያው ሁለት በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር፣ መስኮቶቹም ብረት ነበራቸው። የኬንያ ትምህርት ሚኒስቴር በ2008 ያወጣው የትምህርት ቤቶች ደኅንነት መመሪያ የማደሪያ መስኮቶች ፍርግርግ እንዳይኖራቸውና ወደ ውጭ በቀላሉ እንዲከፈቱ ያዛል። ታዲያ ልጆቻችን ለሚማሩበት ማደሪያ የተከለከለውን ብረት ልጆቻችን በሚተኙበት መኝታ ቤት ላይ እኛው ራሳችን ከፍለን እናስበይዳለን።

ደግሞ ገበያ አጠገብ የምንኖር ሰዎች ነን። ጊኮምባ በ2018 ሰኔ ወር ሌሊት ሲቃጠል ቢያንስ 15 ሰው ነው የሞተው፤ እሳቱ ከገበያው አልፎ አጠገቡ ያሉ መኖሪያ ቤቶችን ይዞ ነበር። በ2022 ሚያዝያ መግቢያ ላይ የሐርጌሳ ዋሂን ገበያ እንዳልነበር ሆነ። መርካቶ ሸማ ተራም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ላይ ሲነድ ሁላችንም በስልክ እያየን አልቅሰናል። ገበያ ሲቃጠል እኛ ነጋዴዎች የምንቆጥረው ዕቃ ነው፦ የእገሌ ይህን ያህል ቦንዳ፣ የእገሊት ይህን ያህል ጫማ። የዕቃ ኪሣራ በእቁብም በዘመድም ይጠገናል። እኛ ግን ያንኑ የሚቃጠል ዕቃ ሽቅብ ተሸክመን አልጋችን አጠገብ እንከምረዋለን።

ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አለው፦ «ሌባ በየሳምንቱ ነው፣ እሳት በዕድሜ አንዴ ነው።» አልዋሸም። የጎረቤታችን ቤት ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ በወጣ ሌባ ሁለቴ ተዘርፏል። ኢስሊ ብረት የሌለው መስኮት ይዛችሁ ተኙ ብዬ የምመክር ሞኝ አይደለሁም። ብረቱን አንሡት አላልኩም፤ ከውስጥ በአንድ እጅ፣ በጨለማ፣ ያለ ቁልፍ የሚከፈት በር ይኑረው ነው ያልኩት። ሌባው ከውጭ ነው፣ እኛ ከውስጥ ነን። ሁለቱን የሚለይ ነገር መሥራት ደግሞ ለበያጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እኛ ያሠራነው እንዲህ ነው። ፈንዲው ጓጉንቸሩን አንሥቶ ከውስጥ በኩል ተንሸራታች መቀርቀሪያ በየደበት። ሌባ እጁን አሾልኮ መቀርቀሪያውን እንዳይነካ ዙሪያውን በላሜራ ሸፈነው፤ ላሜራው ሰፋ ያለ ስለሆነ ከውጭ ሽቦም ቢያስገቡ አይደርስም። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ልጄ ዓይኗን ጨፍና ከፈተችው። መጀመሪያ ላይ መቀርቀሪያው ጠንክሮባት ነበርና ፈንዲው እንደገና ሞረደው። ይህን ሳትሞክሩ ሒሳብ እንዳትከፍሉ። የሞረደው መቀርቀሪያም በዓመት ሁለት ጊዜ ዘይት ይፈልጋል፤ ሞምባሳና ጅቡቲ ያላችሁ በየወሩ እዩት፣ የባሕር አየር ብረት ይበላል።

አንድ ነገር ግን አጥፍተን ነበር። የፍርግርጉ በር ከመስኮቱ ደፍ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ነበር የሚጀምረው። ከደፉ እስከ በሩ ድረስ ያለው ብረት እንዳለ ነው። የመሰላሉ መንጠቆ የሚያርፈው ደፉ ላይ፣ ግድግዳውን አቅፎ ነው፤ ብረቱ መካከል ከገባ ይጋደማል፣ አይቀመጥም። ስለዚህ በሩ እንደገና ተቆርጦ ከደፉ እኩል ሆነ። የበሩን ስፋት ደግሞ ፈንዲውን ራሱን «እስቲ እለፍበት» ብዬ አሳለፍኩት። ደልደል ያለ ሰው ነው፤ እሱ ካለፈ እኔም ልጅ አዝዬ አልፋለሁ ብዬ ነው። ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ያላችሁ ይህን አስቡ፦ መስታወቱ የሚከፈተው በግማሽ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የብረቱ በርም በሚከፈተው ግማሽ በኩል መሆን አለበት። ይህን የሳተ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ፤ የብረቱ በር በግራ፣ የመስታወቱ መክፈቻ በቀኝ።

አሁን ወደ መሰላሉ ልምጣ፣ ብዙ ስሕተት ያለው እሱም ላይ ስለሆነ።

ካርቶኑ ላይ «ባለ ሁለት ፎቅ» ወይም «ባለ ሦስት ፎቅ» የሚል ጽሑፍ አለ። አብዛኛው ይህ ዕቃ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው። አሜሪካኖች ምድር ቤቱን አንደኛ ፎቅ ብለው ነው የሚቆጥሩት። እኛም ኬንያውያኑም የምንቆጥረው ከምድር ቤቱ በላይ ካለው ጀምሮ ነው። ስለዚህ የእነሱ «ሁለት ፎቅ» የእኛ አንደኛ ፎቅ ነው፤ የእነሱ «ሦስት ፎቅ» የእኛ ሁለተኛ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ነጋዴ «ባለ ሦስት» የሚለውን አይታ ብትገዛ መሰላሉ አየር ላይ ይቀራል። የተለመዱት ርዝመቶች ሁለት ናቸው፦ 13 ጫማ፣ ማለትም 4 ሜትር ገደማ፣ እና 25 ጫማ፣ ማለትም 7 ሜትር ተኩል ገደማ።

ደግሞ የእኛ ሕንፃዎች ምድር ቤታቸው ሱቅ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ አንዳንዱም መካከል ላይ ቆጥ የተሠራለት። አንደኛ ፎቅ የተባለው መስኮት ከመሬት 4 ሜትር አይበቃውም። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ በሜትር ስንለካ የምንውል ሰዎች የገዛ መስኮታችንን ከፍታ አናውቅም። ክር ጫፍ ላይ የሚከብድ ነገር አስሩና ከደፉ ወደ መሬት ልቀቁት፤ መሬት ሲነካ ክሩን ደፉ ጋ ያዙ፣ ስባችሁ በሜትር ለኩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የእኛ 6 ሜትር ከ80 ሆነ። የኛ መሰላል ደግሞ ረጅሙ ስለነበረ በዕድል ነው የተረፍነው፤ ባለቤቴ ሲያዝ ርዝመት አልጠየቀም ነበር። የግድግዳውን ውፍረትም ለኩ። በብሎኬት ተሠርቶ በሁለት በኩል የተለሰነ ግድግዳ ለቀጭን የእንጨት ግድግዳ ከተሠራ መንጠቆ ሊሰፋ ይችላል፤ መንጠቆው ስንት ውፍረት እንደሚያቅፍ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል።

ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ለምትኖሩ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ይህ ዕቃ ለእናንተ አይደለም። ረዣዥም አለ ብሎ የሚሸጥላችሁ አይጠፋም። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሌሊት፣ በሚወዛወዝ ሰንሰለት፣ ልጅ ይዞ መውረድ ራሱ ሌላ አደጋ ነው። ለእናንተ የሚያዋጣው ሁለተኛ ደረጃ ያለው ቤት መከራየት፣ የጭስ ደወል መግዛትና የደረጃው ሥር ቆጣሪ ሳጥን እንዲስተካከል አከራዩን መጨቅጨቅ ነው።

የገመድ መሰላልስ የሚል አለ። ሰማያዊውን የናይለን ገመድ ገዝቶ እንጨት እያሰረበት የሠራ ጎረቤት አለኝ፤ እጁ የተባረከ ሰው ነው፣ ሥራውም ያምራል። ናይለን ግን በሙቀት ይቀልጣል። እሳቱ ከበታቻችሁ ካለው መስኮት ቢወጣ መጀመሪያ የሚሄደው ያ ገመድ ነው። ሌላው ችግር ገመድ ግድግዳው ላይ ስለሚለጠፍ እግር መርገጫው ላይ አይገባም፤ ጣታችሁ ብቻ ነው የሚያርፈው። የተሠራው መሰላል መርገጫዎቹ ላይ ወደ ግድግዳው የሚገፉ አጫጭር እግሮች አሉት፣ ግድግዳውን ገፍተው ለእግር ቦታ የሚሰጡ። እነዚህ የሌሉትን አትግዙ።

የትኛውን መስኮት እንደምትመርጡም አስቡበት። ከመስኮቱ በታች ምን አለ? ኢስሊ ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መስኮት ሥር ወይ የሱቅ ቆርቆሮ፣ ወይ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ወይ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ የመብራት ሽቦ ነው። የብረት መሰላል ሽቦ ላይ መጣል ማለት ከእሳት ሸሽቶ ወደ ኮረንቲ መግባት ነው። እኛ መንገድ ዳር ያለውን መስኮት ትተን የጓሮውን የመረጥነው ለዚህ ነው፤ እሱ ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ነው፣ ሥሩ ባዶ መሬት ነው። የሚሻለውም መሰላሉ ልጆቹ ባሉበት መሆኑ ነው፤ ጭስ ኮሪደሩን ከያዘ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መሄድ ላይቻል ይችላል።

አቀማመጥ ላይ ብዙ አልልም። መሰላሉ መስኮቱ ሥር፣ ግድግዳው ላይ በተሠራች ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ሣጥኑ ቁልፍ የለውም፣ ላዩ ላይ ምንም አይቀመጥም። ጎማ የተወጠረበት ካለ ጎማው አይፈታ፤ ሰንሰለቱ ሳይጠላለፍ እንዲወርድ የታጠፈበት መንገድ አለው። ውጭ መስኮቱ ላይ አንጠልጥለው የሚተዉት አሉ፣ «ለእጅ እንዲቀርብ» ብለው። ፀሐይና ዝናብ ያበላሸዋል፣ ሌባም ያመሰግናል። ልጆች መጫወቻ እንዳያደርጉት ደግሞ መደበቅ አያዋጣም፤ መጫወቻ አለመሆኑን ማሳየት ነው። ስፋቷ አንድ ክንድ ተኩል የሆነች ቦታ መስኮቱ ፊት ወለሉ ላይ በቀለም አሰመርኩ፦ ከዚህ መስመር ወዲህ ቦንዳ አይገባም። ባለቤቴ ሁለቴ አስገብቷል። ሁለቴም አስወጥቻለሁ።

ልምምዱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚጎዳበት እዚህ ስለሆነ። ከሁለተኛ ፎቅ ለልምምድ አትውረዱ። አምራቾቹ ራሳቸው ይህን ይከለክላሉ፤ ብዙዎቹም በእውነተኛ እሳት አንዴ የተጠቀማችሁበትን ጣሉት ነው የሚሉት። የምንለማመደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቤታችን ውስጥ መቀርቀሪያውን ከፍቶ፣ ሣጥኑን ከፍቶ፣ መንጠቆውን ደፉ ላይ ማስቀመጥ፤ መሰላሉ ሳይጣል፣ በጨለማ። ሁለተኛ፣ ጓደኛችን ምድር ቤት መስኮት ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍታ፣ ሰውነትን ከመስኮት አውጥቶ መርገጫ ማግኘት። ከባዱ መውረዱ አይደለም፤ የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት። ፊት ወደ ግድግዳው፣ ጀርባ ወደ ውጭ ሆኖ አንዱን እግር አሳልፎ ደፉ ላይ መቀመጥ፣ በእግር መርገጫውን ፈልጎ ማግኘት፣ ደፉን ሳይለቁ ሁለተኛውን እግር ማውጣት። እኔ በቀሚስ ሞክሬ ቀሚሴ መንጠቆው ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ አሁን አልጋዬ ራስጌ ሱሪ ተሰቅሏል። ጫማም አብሮ። ልጄ ከእኔ ትሻላለች፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ እየሳቀች ወረደች።

ማን ይቅደም የሚለውን ቀድማችሁ ጨርሱት፣ ጭስ መካከል የቤተሰብ ጉባኤ አይደረግም። ባለቤቴ ቤት ሲኖር እሱ ቀድሞ ወርዶ ከታች ይይዛል፣ ልጄ ትከተላለች፣ እኔ ትንሹን ይዤ መጨረሻ። እሱ ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ አይኖርምና፣ ልጄ ትቀድማለች፣ እኔ ልጁን አዝዬ እከተላለሁ። ልጅን ከኋላ ትቶ መውረድ የለም፤ ከታች ሆነሽ ልታወጪው አትችይም። ማዘሉን በነጠላ ጥብቅ አድርጌ ደረቴ ድረስ አሥሬ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለት እጅ ነፃ ይሆናል፣ ጭንቅላቱ የመስኮቱን ላይኛ ጫፍ እንዳይመታ ግን ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። መሰላሉ ላይ አንድ ሰው ብቻ፤ ያኛው መሬት ሳይረግጥ ይህኛው አይጀምርም፣ ካርቶኑ ሌላ ካላለ በቀር።

እናቴ ከአዋሳ መጥታ ስትከርም ይህን ሁሉ አየችና «እኔስ?» አለች። ጉልበቷ ደረጃ እንኳ በግድ ነው የሚወጣው። ለእሷ መሰላል መፍትሔ አይደለም፣ መዋሸትም አልፈለግሁም። ለእሷ ያሰብነው በሩን ዘግቶ ሥሩን በእርጥብ ፎጣ መድፈን፣ መስኮቱን ከፍቶ ነጭ ነጠላ እያውለበለቡ መጮኽ፣ 999 ወይም 112 መደወል ነው። አዲስ አበባ ላይ የእሳትና ድንገተኛ ስልኩ 939 ነው፤ እናቶቻችሁ ስልክ ውስጥ አስገቡላቸው። በስሟ አልጋዋን ደግሞ ወደ በሩ ቅርብ አደረግነው።

እንግዲህ መሰላል ያላችሁም የሌላችሁም፣ ደረጃው ነፃ ከሆነ በደረጃ ውረዱ። በሩን ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከጋለ አትክፈቱት። መሰላሉ ደረጃው ሲዘጋ ብቻ ነው። እንቅልፍ ላይ ሆናችሁ ጭስ አይቀሰቅሳችሁም፤ በባትሪ የሚሠራ የጭስ ደወል ከመሰላሉ እጅግ ይረክሳል፣ እሱ ከሌለ መሰላሉ ሣጥኑ ውስጥ ሳለ ነገሩ ያልቃል።

አሁን ለምን ይህን ለእናንተ እንደምጽፍ። ፈንዲውን ሳመጣ አከራያችን ተቆጣ፤ «ብረቴን ማን ቁረጥ አለህ?» አለው። ማስያዣዬን እንደሚቀንስም ነገረኝ። ብቻዬን ስከራከር አልሰማኝም። ሦስት ጎረቤት ሆነን ስንሄድ ሰማን፤ እንዲያውም የራሱን ቤት መስኮት ለማሳየት ወሰደን። ብቻውን የሚቆም ተከራይ፣ በተለይ ወረቀቱ ያላለቀ ስደተኛ፣ ለአከራይ አፍ የለውም። ስንሰበሰብ ነው አፍ የምናወጣው። የምንሰበሰብበት ደግሞ አለን፦ እድር አለን፣ እቁብ አለን፣ የማኅበር ፅዋ አለን።

እድራችንን አከብራለሁ። አባቴ ሲሞት ድንኳን ጥሎ፣ ሰው አብልቶ፣ ሦስት ቀን አብሮኝ ያደረው እድር ነው። ግን ልጠይቅ፦ ለሞት የምናዋጣውን ገንዘብ ጥቂቱን ለመቀርቀሪያ ብናደርገውስ? አንድ ፈንዲ በቀን ሦስት አራት መስኮት ይሠራል። በአንድ ሕንፃ ላይ ያለን አባላት በአንድ ቀን ብናሠራ ዋጋውም ይወርዳል፤ ይህን ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሚቃወሙ አሉ። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ «እድር የቀብር ነው፣ የብየዳ አይደለም» ብለውኛል። ሌላዋ ደግሞ ዛሬ መስኮት ከሠራን ነገ ጣሪያ አሠሩ ይሉናል አለች። ሁለቱም ሐሳብ አላቸው፤ ደንቡ ላይ የሌለ ወጪ መጀመር ቀላል አይደለም። እንግዲያስ ስጦታ አይሁን፣ ብድር ይሁን፤ በሦስት ወር ይመለስ። መሰላሉን ደግሞ አቅም ያለው ራሱ ይግዛ፣ እኔ የምለው ለፍርግርጉ ብቻ ነው። መሰላል የሌለው ሰው እንኳ ፍርግርጉ ከተከፈተ ከታች ሰው መሰላል ሊያደርስለት ይችላል። ያን ሌሊት እየጮኸ የሮጠውን ሰው አልረሳውም፤ በመጨረሻ የቀለም ቀቢዎች መሰላል ይዞ መጥቶ ነበር። ግድግዳው ላይ አስደግፎ እስከ እኛ መስኮት ወጣ። ከብረቱ ወዲያ ሆኖ እጁን አሾልኮ የልጄን እጅ ያዘና «አይዞሽ» አላት፣ በስዋሒሊ። ሌላ የሚያደርገው አልነበረም።

የእድሩ ስብሰባ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። አጀንዳው ላይ እንዲገባ ለጸሐፊው ነግሬያለሁ። ፈንዲውም ይመጣል፤ አንድ የተሠራ መቀርቀሪያ ከነላሜራው በእጁ ይዞ ያሳያችኋል። የምትመጡ የመስኮታችሁን ስፋት፣ ከደፉ እስከ መሬት ያለውን ከፍታና የግድግዳውን ውፍረት በወረቀት ጽፋችሁ ኑ። ሜትር የሌላችሁ ሱቄ ግቡ፣ አውሳለሁ።